የአቶ መኩሪያ ፓፓያ

ተናኘወርቅን ቁጭ ብላ አየኋት የሚል ሰው ካለ፣ ወይ አውቶቡስ ስትነዳ አይቷታል፣ ወይ ዋሽቷል። ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው። ስልክ የምታወራው ከኩሽና ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና እየተመላለሰች ነው። ቶተንሃም ውስጥ ከእሷ ፍላት በታች የሚኖሩት ጋናዊ ሽማግሌ አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ አግኝተዋት፣ «ልጄ፣ እዚያ ላይ የጠፋብሽ ነገር ካለ ልምጣና አብሬሽ ልፈልግ» ብለዋታል።

ሥራዋም እንደ እሷው ነው። ከብሪክስተን ጋራዥ ተነስቶ በኤሌፋንት ኤንድ ካስል አድርጎ ቴምዝን የሚሻገር ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ትነዳለች። ሌላው ሹፌር የሚወቀሰው በማርፈድ ነው፤ እሷ የምትወቀሰው ቀድማ በመድረስ ነው። የመስመሩ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ «ትንሽ ቁሚ፣ ሰርቪሱን ሬጉሌት እናድርግ» ሲላት ቆሽቷ ያርራል። ያቺ ድምፅዋ ብቻ የተቀዳ ሴትዮ፣ አውቶቡሱ ሰዓት ለማስተካከል ጥቂት እንደሚቆም ለተሳፋሪው ስትናገር፣ ተናኘወርቅ መሪውን በጣቶቿ እየደበደበች አረንጓዴ መብራት ሲያልፋት ታያለች። ክፍት መንገድ ፊቷ ተዘርግቶ መቆም ከቅጣት አይተናነስባትም።

እንግዲህ ደራሲ ካልሆንኩ ብላ የተነሳችው ይህችው ሴት ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው ቶተንሃም አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ጋሽ ዘርይሁን የሚባሉ አዛውንት በአማርኛ ልብ ወለድ መጻፍ ያስተምራሉ። በደርግ ዘመን ከአዲስ አበባ ሲወጡ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ፤ አማርኛቸውም ከወጡበት ዓመት ንቅንቅ አላለም። እስከ ዛሬ ሰውን «ጓድ» ሊሉ አፋቸው ላይ ይደርስና ይመልሱታል። ተማሪዎቻቸው ጥቂት ናቸው፤ ግማሾቹ የሚመጡት ለመጻፍ ሳይሆን በአማርኛ ተጨዋውተው ለመሄድ ነው። ተናኘወርቅ ግን የመጣችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷን ለመጻፍ። የምድር ባቡር ጡረተኛው አቶ መኩሪያ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፁ ከጆሮዋ እየራቀ፣ አሳሳቁ እየጠፋት ሄደ። ወረቀት ላይ ካላሰፈርኩት እኔ ልጁ ራሴ ልረሳው ነው የሚል ፍርሃት ነው ብዕር ያስነሳት።

ጻፈች፤ አነበበች። «አባቴ አቶ መኩሪያ ድሬዳዋ ላይ በልብ ሕመም ሞተ» ይላል የመጀመሪያው መስመር። ጋሽ ዘርይሁን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተናኜ፣ ገና ሳታስተዋውቂኝ ቀበርሽው እኮ።»

«የሆነው ነዋ ጋሼ። ሞቷል።»

«መሞቱንማ መች ካድኩሽ። ትንሽ ይኑርልኝ ነው የምለው። ጠዋት ሲነሳ ምን ያደርግ ነበር? ማን ያበሳጨው ነበር? የማላውቀው ሰው ቢሞትብኝ ለወጉ ያህል ነፍስ ይማር ብዬ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመቃብሩ ጀመረች። ከዚያ ከሐኪሙ። ጋራዥ ውስጥ በእረፍት ሰዓቷ ቆማ ስልኳ ላይ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ደግማ ትጽፋለች፤ የትም ብትጀምር ሞት መጀመሪያው መስመር ላይ ተገትሮ ይጠብቃታል። «እሺ፣ የማታውቂውን ፍጠሪው» ሲሏት ደሟ ፈላ። «ያልሆነውን አልጽፍም። በአባቴ አይዋሽም» አለች። ነገሩ የድርሰት ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ገባው፤ የጠየቃት ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ድሬዳዋ ላይ ታዛቢ ነበረች፤ በዚያው ሰበብ ታስራ ተፈታች፣ አገር ጥላ ወጣች። ለንደን ገብታ ጥገኝነት ጠይቃ ወረቀቷን ስትጠባበቅ አባቷ ሞተ። ቤተሰቡ መከረ። ልጅቱ ብቻዋን ናት፤ ወረቀት ስለሌላት መጥታ አትቀብርም፤ አሁን ብንነግራት ባሕር ማዶ አንድ ነገር ትሆንብናለች፤ ወረቀቷ እስኪወጣ ይቆይ ተባለ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ሞት በስልክ አይነገርም። ስልኩን የምታነሳው ግን እህቷ አዲስዓለም ስለነበረች፣ አባታቸውን በሕይወት የማቆየቱ ሥራ በእሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

አዲስዓለም ደግሞ ሥራውን አሳምራ ሠራችው። አባባ ተኝቷል፣ አባባ ለቅሶ ሄዷል ማለቱ ሲያልቅባት፣ አባባ ግቢው ውስጥ ፓፓያ ተክሏል አለች። ጠዋት ማታ ውኃ ያጠጣታል። ከዚያ የጎረቤት ፍየል ገብታ ጫፏን ቀረጠፈችበት። አባባ ከፍየሏ ባለቤት ጋር ተኳረፈ፤ ፓፓያዋን በአሮጌ ቆርቆሮ አጠራት፤ ጆሮው ስለደከመ ስልክ መያዝ አይሆንለትም እንጂ፣ ይኸው ከግቢ ሆኖ ተናኝን ሰላም በይልኝ እያለ ነው። ተናኘወርቅ በፍየሏ ትስቃለች፣ ፓፓያዋ የት ደረሰች ብላ ትጠይቃለች። ያን የጭንቅ ጊዜ የተሻገረችው በዚያች ፓፓያ ነው።

ወረቀቷ ወጣ። በዚያው ሰሞን እሑድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ፤ ስትከፍት ነጠላ ያጣፉ ትልልቅ ሰዎች ደጃፏን ሞልተውታል። በጠዋት ተሰብስቦ የመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም። እሷ ግን ደስታው ዓይኗን ጋርዶት፣ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት የመጡ መሰላት። እልልታዋን ለቀቀችው። ቤት ያፈራውን አቀረበች፤ አንዷን ሴትዮ እጇን ስባ ልታስጨፍራት ሞከረች። ሴትዮዋ ማልቀስ ስትጀምር ነው የገባት።

ያን እልልታ ለእህቷ ይቅር አላለቻትም። «አባቴን ቀብረሽ በፍየል አሳቅሽኝ» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ከዚያ ወዲህ ለበዓል እንኳን አደረሰሽ ከመጻጻፍ በቀር ሁለቱ እህትማማቾች ቃል አልተለዋወጡም። ቁጭ ማለት ያቃታትም ከዚያ ወዲህ ነው የሚሉ አሉ። ይባስ ብሎ ደግሞ፣ ጋሽ ዘርይሁን አባትሽ ግቢ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር ባሏት ቁጥር፣ ከሁሉ ቀድማ ዓይኗ ላይ ድቅን የምትለው ያቺ ያልነበረች ፓፓያ ናት። አባቷ ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮ ሲመታ ይታያታል፤ ምላሷን ትነክሳለች፤ በንዴት ሌላ የሞት መስመር ትጽፋለች።

አንድ ዓርብ ጋሽ ዘርይሁን ደወሉ።

«ተናኜ፣ የሲላስ እናት ትናንት ሆሳዕና ከተማ ዐርፈዋል።»

ሲላስ የቅዳሜው ጓደኛቸው ነው፤ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚኖር፣ በአማርኛው ወንጌላውያን ቸርች ኳየር ውስጥ የሚዘምር፣ ሰው ሲያነብ ዓይኑ ቶሎ እንባ የሚያቀርር ሒሳብ ሠራተኛ።

«ወንድሙ ነገ ማታ ከስዊድን ይገባል» አሉ ጋሽ ዘርይሁን። «እሑድ ጠዋት ቸርች ሳይሄድ፣ ወንድሙን ይዘን እንነግረዋለን። ስለሚወድሽ አንቺም ትመጫለሽ። ነገ ትምህርቱ እንደወትሮው ነው፤ ብንሰርዘው ይጠረጥራል። ፌስቡክ ላይም ማንም እንዳይለጥፍ ተነግሯል።»

«ጋሼ፣ ይሄ ነውር ነው። እናቱ ናቸው፤ ዛሬውኑ ይነገረው።»

«ብቻውን ሆኖ?»

«ብቻውንም ቢሆን። ነገ ሳገኘው ዓይን ዓይኑን እያየሁ አልዋሸውም። ከአሁኑ ይወቁት ብዬ ነው።»

«እንግዲህ አፍሽ ያንቺ ነው» ብለው ዘጉ።

ቅዳሜ ሲላስ መጣ፤ ቀለደ፤ የጻፈውን አነበበ። ተናኘወርቅ አንዲት ቃል አልሰማችም። ውኃ ልጠጣ እያለች ስትወጣ ስትገባ ዋለች። ትምህርቱ አልቆ ሁለቱ እንደ ልማዳቸው አብረው ወደ ሰቨን ሲስተርስ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወረዱ፤ እሷ ወደ ማታ ፈረቃዋ፣ እሱ ወደ ቤቱ። ባቡሩ ውስጥ እሱ ተቀመጠ፤ እሷ ብረቱን ይዛ ቆመች። ቃሉን በልቧ አዘጋጅታለች፤ ሲላስ፣ እናትህ ዐርፈዋል። ሌላ ምንም። ልትናገር ስትል እሱ ቀደማት።

«እህቴ፣ እማዬ ከሐሙስ ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ቫይበሯም ኦፍላይን ነው። ዘመድ ጋ ስደውል ደግሞ ሁሉም ቢዚ ነን ይሉኛል። ስትሬስ አደረገኝ።» ቀና ብሎ አያት። ያ ትልቅ ሰው የልጅ ፊት ነበረው። «ምን ይመስልሻል?»

ተናኘወርቅ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ያዘጋጀችው አልነበረም።

«ሆሳዕና መብራት ጠፍቷል አሉ» አለች። «ጋራዥ የዚያ አገር ልጅ አለች፤ እሷም ቤተሰቦቿን ማግኘት አቅቷታል። ትራንስፎርመር ፈንድቶ ነው።»

ትራንስፎርመሩ ከየት እንደመጣላት አታውቅም። ያቺን የሆሳዕና ልጅም እግዜር አልፈጠራትም። ሲላስ ግን ትከሻው ወረደ፤ ተነፈሰ፤ ሳቀ።

«እንግዲያው ምን እያደረገች እንደሆነ ልንገርሽ? ስልኳን ይዛ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ እየፈለገች ነው። ቻርጅ ያደረገላት ባለሱቅ ወዮለት፣ ሳትጸልይለት አትወጣም። ደንበኛ ተሰልፎ እሷ ዓይኗን ጨፍና ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነዕቃው ትጸልይለታለች።»

«ከነዕቃው?»

«ሳሙናው ሳይቀር።»

ተናኘወርቅ ከልቧ ሳቀች። ትናንት የተቀበሩ ሴትዮ ናቸው፤ ግን በዚያ ባቡር ውስጥ ከተሳፈረው ሁሉ የበለጠ በሕይወት ያሉት እሳቸው ነበሩ። ሳታስበው አጠገቡ ተቀመጠች። «ከዚያስ?» አለችው። «ባለሱቁስ ምን ይላል?» እሱ አወራ፤ እሷ ጠየቀች፤ በጠየቀች ቁጥር ሴትዮዋ አንድ ጣቢያ ይቆዩላታል። ለዓመታት ስትጣደፍ የኖረችው ሴት፣ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ቢቆምና ባይነሳ ደስ ባላት ነበር። ኦክስፎርድ ሰርከስ ሲደርሱ ሲላስ ባቡር ለመቀየር ተነሳ። «ቀለለኝ እህቴ፣ ተባረኪ። መብራቱ ሲመጣ ነገ እደውልላታለሁ» ብሎ ወረደ።

በሩ ተዘጋ። አዲስዓለም ይህን ያደረገችው በየሳምንቱ ነው። የቀበረችው ደግሞ የገዛ አባቷን ነው። ለቅሶዋን ውጣ፣ ስልኩን አንስታ፣ ፍየል ታስገባለች፣ አጥር ታሳጥራለች፤ እህቷ ስትስቅ እየሰማች። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላስ ምን ትሆን ነበር? ተናኘወርቅ ይህን ጠይቃ አታውቅም። አፈረች።

እሑድ ጠዋት ሲላስ ሱፉን ለብሶ ሊወጣ ሲል በሩን ከፈተ። ጋሽ ዘርይሁንን አየ፤ ፓስተሩን አየ፤ ከኋላ ወንድሙን አየ። ማንም እስኪነግረው አልጠበቀም፤ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለቅሶው ትንሽ ረገብ ሲል ተናኘወርቅ ሻይ ይዛለት ቀረበች።

«ትናንት መብራት ጠፍቷል አልሽኝ።»

«አልኩህ።»

«እያወቅሽ።»

«እያወቅሁ።»

«አሳቅሽኝ እኮ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልታስረዳው ፈለገች፤ ተወችው። ምናልባት አንድ ቀን ይገባው ይሆናል፤ ምናልባትም አይገባውም፤ እሷስ ስንት ዓመት ፈጀባት። ሻዩን አጠገቡ አስቀምጣ ወጣች።

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆመች። የራሷ መስመር አውቶቡስ መጣ፤ ሹፌሩ አውቋት በሩን ሲከፍት በእጇ ሂድ አለችው። ስልኳን አውጥታ ድሬዳዋ ደወለች።

«ተናኝ?» የአዲስዓለም ድምፅ አርጅቷል። «ምነው፣ ደህና ነሽ? ማን ምን ሆነ?»

«ደህና ነኝ፣ አትደንግጪ።» ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የደወለችው። ይቅርታው ምላሷ ላይ ደርሶ ሌላ ነገር ሆነ። «አባባ ምን እያደረገ ነው?» አለች።

መስመሩ ዝም አለ። ድሮ ቢሆን ታቋርጥ ነበር፤ ወይም ትዘጋ ነበር። አሁን ጠበቀች። ሌላ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። ከወዲያ ማዶ እህቷ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማት።

«ግቢ ነው» አለች አዲስዓለም፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ፓፓያዋ ፍሬ ይዛለች። በስላለች፣ እንቁረጣት ብለው እምቢ አለኝ።»

«ለምን?»

«ተናኝ ሳትመጣ ቢላ አይነካትም አለ። ወንበር አውጥቶ ሥሯ ተቀምጧል፤ ፍየሏን እየጠበቀ።»

ተናኘወርቅ የመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እንባዋን አልጠረገችም።

«ከዚያስ?» አለች።