የቆርቆሮው ዓሣ

ጋሽ ብርዱ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው፤ እናቱ ያወጣችለትንማ ከባለቤቱ በቀር የሚያስታውስ አልነበረም። ሳሎኑ በአንድ በኩል ሆዳቸው የተከፈተ ፍሪጆች፣ በሌላው በኩል የባለቤቱ አልጋ ነበረበት። ከአልጋው ትይዩ ደግሞ ዓሦች የሚዋኙበት የመስታወት ባሕር ተቀምጧል።

ባለቤቱን ትልቁም ትንሹም «እትዬ» ይላት ነበር። የሰፈሩን ልጆች ፊደል ያስቆጠረች የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረችና። ኋላ ግማሽ ጎኗ ከዳትና አልጋ ላይ ዋለች። ከሕመሙ የከፋባት ግን ፍርሃቱ ነው። ቀትር ሲያልፍ ይነሣባታል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ደኅናው እጇ አንሶላውን ጨብጦ አይለቅም። የሐኪሙ ኪኒን ያስተኛት ነበር እንጂ አላረጋጋትም።

ዓሦቹን ጋሽ ብርዱ ያገኛቸው ለጥገና በሄደበት ቤት ነው። ጣት የማያህሉ፣ አረንጓዴ ይሁኑ ሰማያዊ የማይለዩ፣ አንዱ ሲዞር ሁሉም የሚዞሩ የባሕር ዓሦች። የእትዬ ተማሪዎች ደወል ሲሰሙ ልክ እንዲህ ነበሩ ብሎ፣ በድካሙ ዋጋ ምትክ መስታወቱን ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይና ከዓሦቹ ጋር ይዞ መጣ። ውኃና ጨው በባልዲ ሲያማስል ያየችው ጎረቤት፣ ጨውማ አለልህ፣ ሽንኩርቱ ብቻ ነው የቀረህ እያለች ትቀልድበት ነበር።

እትዬ ግን አየቻቸው። በተያዘው ምላሷ «ሰልፋችሁን ጠብቁ» አለቻቸው፤ እጇም አንሶላውን ለቀቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ የጋሽ ብርዱ ጸሎት አንድ ሆነ፤ እሷ እስካለች ሰልፉ እንዳይፈርስ።

ሰልፉ ግን መፍረስ ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ ጅራቱ ተቦጫጭቆ ከኮራሉ ሥር ተሸሸገ፤ ጠዋት አልተገኘም። ቀጥሎ ሌላው። ጋሽ ብርዱ ዕድሜውን ሙሉ ብልሽት ሲፈልግ የኖረ ሰው ነውና ጥፋቱ ከመሣሪያው መሰለው። ሙቀቱን ለካ፣ ፓምፑን ፈታ፣ ውኃውን ለወጠ። በጎደሉት ፈንታ አዳዲስ ቢጨምር ነባሮቹ በንክሻ ተቀበሏቸው። በመጨረሻ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ ውኃህ ምንም አልሆነ» አለው ሻጩ። «እነዚህ አብረው የሚሄዱት በፍቅር መሰለህ? በፍርሃት ነው። ባሕር ውስጥ የሚውጣቸው አለ። አንተ ቤት ምን አለ? ሥራ ሲፈቱ ከመካከላቸው ደካማውን ይፈልጋሉ።»

«ትልቅ ዓሣ ባስገባባቸውስ?»

«መፍራቱን ይፈራሉ። ከዚያ ይውጣቸዋል።»

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ብርዱ ከእርሱ በቀር ማንም የማያስበውን ያሰበው። ከአሮጌ ፍሪጅ በር ላይ ክንድ የሚያህል ዓሣ ቆረጠ፤ ዓይንና ጥርስ ቀባለት፤ ከመስታወቱ ጀርባ አንጠልጥሎ ከፍሪጅ ማራገቢያ ሞተር ጋር አሠረው። ቆርቆሮው ወዲያና ወዲህ ሲል ዓሦቹ ክው ብለው ተሰበሰቡ። አንድ አካል ሆነው ዞሩ። ጋሽ ብርዱ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስንባል ያደግን ሁላ፣ እስቲ ድሩን እንዲያብር ያደረገው ማን እንደሆነ ይታየን።

ሳምንት አልሞላም፣ ለመዱት። ከጥርሱ ፊት ለፊት ሆነው እርስ በርስ ይናከሱ ጀመር። ፍርሃቱ የቀረው እትዬ ዘንድ ብቻ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለችው አንድ ቀን፣ «ያንን ቆርቆሮ አንሣልኝ። እኔን ነው የሚያየኝ።»

አነሣው።

በመጨረሻ አንድ ቀረ፤ ሌሎቹን የጨረሰው ብርቱው። ከመስታወቱ ጥግ ከገዛ ጥላው ጎን ሲመላለስ ይውል ነበር። ኮራሉ አምሮበታል፣ ውኃው እንደ ብርሌ ጠርቷል፤ ጋሽ ብርዱ የሚጠግነው አንዳች ብልሽት አልነበረም።

ቀትር አለፈ። እትዬ ዓይኗን ወደ መስታወቱ አዞረች።

«ትምህርት ቤቱ ተዘጋ?»

«ተዘጋ» አለ።

«ታዲያ ይኼ የማን ልጅ ነው? የሚወስደው የለውም?»

ለዚያ ለአንዱም ቢሆን ውኃ መለወጥ አይቀርምና፣ ጋሽ ብርዱ ባልዲውን ስቦ ጨው ማማሰል ያዘ። ከበስተኋላው አንሶላው ሲጨመደድ ይሰማዋል።