ከፕሮግራሙ የተሰረዘው ስም

ሮማነወርቅ በዲላ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ማመልከቻ ስትተይብ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ከቡሌ በእግሩ የመጣ ገበሬም ሆነ ከጨለለቅቱ በሞተር ብስክሌት የደረሰ ነጋዴ ጉዳዩን ተናግሮ ሳይጨርስ እርሷ አርእስቱን ጽፋ ትጠብቀዋለች። ሥራዋን ታውቃለች፤ ይህን አልነፍጋትም።

የምትጠቀምበት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በነፃ የሚታደል ነበር። የሠራው ደበበ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት አድርጎ፣ አንድ ግዴታ ብቻ አኑሮበታል፤ በሥራው የተሳተፈ ሰው ሁሉ ስሙ ይጻፋል፣ ከዝርዝሩም አይወጣም።

በ2001 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ጽሑፉ ከሃያ ገጽ ሲያልፍ ራሱን እየዘጋ ያስቸግር ጀመር። አንድ ጡረተኛ መምህር የሚያስተይቡት መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ጠፋባት። ሮማነወርቅም ተጠቃሚዎች በሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጻፈች፤ የጻፈችውም በምታውቀው ወግ ነበር። ከላይ ቀን አሰፈረች፤ «ጉዳዩ፦ የፕሮግራም ብልሽትን ስለማሳወቅ» አለች፤ «ከሠላምታ ጋር» ብላም ዘጋች።

ደበበ መለሰላት። «ቀበሌ መሰለሽ እንዴ? ማኅተሙን ረስተሻል። በነፃ የወሰድሽው ነው፤ ካልተመቸሽ ራስሽ ሥሪው።»

ከሥሩ ሃያ ያህል ሰው ሳቀ። አንዱ «ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት» ብሎ ጨመረበት።

አብራት የምትተይበው ኤልቤቴል «ተይው እቴ፣ ሥራ የፈታ ነው» አለቻት።

«እሱስ ሥራ ሰጠኝ» አለች ሮማነወርቅ።

ቂም አስተማሪ ሆናት። ከኮምፒውተር ተማሪዎች መጻሕፍት እየተዋሰች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ የደበበን ኮድ መስመር በመስመር አነበበች። ብልሽቱን አገኘችው፤ አስተካከለችው። የታረመውን ፕሮግራም ከነኮዱ በፍላሽ እየገለበጠች ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ አዳረሰች። ለሚጠይቃት ሁሉ በትሕትና ታስረዳ ነበር፤ ብልሽት ያመለከቷትንም አንድ በአንድ ከራሷ ስም ሥር በዝርዝሩ አሰፈረች። የደበበን ስም ግን ሰረዘችው።

ይህ ስርቆት ነው። የተዘለፈ ሰው ዘላፊውን መክሰስ ይችላል፣ ማኩረፍም ይችላል፤ ድካሙን የራሱ ማድረግ ግን አይችልም። ሮማነወርቅ ይህን አጥታው አልነበረም፤ ቅጣት ብላ የያዘችው ይህንኑ ነበርና።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ፍላሽ አዲስ አበባ ደረሰ። ደበበ በዚያው መድረክ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ እንዲህ ሲል ጻፈ። «ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩት ነውር ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስሜን ወደ ቦታው ቢመልሱልኝ እለምንዎታለሁ።»

«አየሽው? ተንበረከከ» አለች ሮማነወርቅ።

«ታዲያ መልሺለታ።»

«ይቆይ። እኔም ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ።»

«እሱ እኮ ለመነሽ፤ አንቺ አልለመንሽውም ነበር።»



ወር ሳይሞላ ደበበ አዲስ እትም አወጣ። እርማቷን ወስዶ ከራሱ ስም ሥር «ሮማነወርቅ፣ ከዲላ፤ ብልሽቱን ያገኙና ያስተካከሉ» የሚል አሰፍሮበታል። ኤልቤቴል ጮክ ብላ ስታነብላት የሮማነወርቅ ፊት ጠቆረ። ቢሰድባት መልስ ነበራት፤ ቢከሳትም ተዘጋጅታ ነበር። ለእንዲህ ያለው ግን አልተሰናዳችም። «ስሜን ከዚያ አውጣ» ብላ ጻፈችለት።

በማግስቱ መልሱ መጣ። «ማውጣት አልችልም። የሠራ ሰው ስም እንዳይወጣ ግዴታው ያስረኛል፤ እርስዎንም ያስርዎታል።»

ኤልቤቴል ወንበሯን አስጠጋች። «ምን ትይዋለሽ?»

ሮማነወርቅ ገጹን ዘጋችና ወረፋ ይጠብቁ ወደነበሩት ሽማግሌ ዞረች። «ይቀጥሉ አባባ፤ ለማን ነው የሚጻፈው?»

እርሷ በምታድለው ፕሮግራም ውስጥ የደበበ ስም እስከ ዛሬ የለም። የበደላት ሰው ዕዳውን ከፍሎ ወጥቷል፤ አሁን በዳይዋ እርሷ ናት።