ጋሽ ኤርሱሞ ያስበየዱት ፖርቶመጋላ

ደቡብ አፍሪካ፣ ራንድበርግ ውስጥ በብስክሌት ጋራዥ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሌብነት አጋለጥኩ ብዬ ነበር። አለቃዬ ክሬግ ሽርጥ ሰጠኝና አንድ የተራራ ብስክሌት አሳይቶኝ «የኋላ ጎማው አየር ያስወጣል፣ እስቲ እየው» አለኝ። ይቺማ የኔ ሥራ ናት አልኩ በልቤ። ቮስሎሩስ በሚባለው ሰፈራችን፣ አጎቴ ሱቅ በር ላይ የሰፈሩን ብስክሌት ሁሉ የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። ጎማውን ከቸርኬው ሳላቅቀው ነጭ ወተት የመሰለ ነገር ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። እጄን ከትቼ ብዳብስ አየር የሚይዘው ከመነዳሪ የሚባል ነገር የለም።

ክሬግ ጋ ሄጄ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አለቃ፣ ከመነዳሪው ተሰርቋል። ሌባው እንዳይታወቅበት ወተት ሞልቶበት ሄዷል» አልኩት። ክሬግ ወተት የነካውን ሱሪዬን አየ። የጋራዡ አንጋፋ መካኒክ ሲፖ ግን በዙሉኛ «ሀይቦ!» ብሎ ተደንቆ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ከሳቁ ብዛት ቆሞ መሳቅ አልቻለም። ለካ የዛሬ ዘመን የተራራ ጎማ ከመነዳሪ የለውም። ወተቱ እሾህ ሲወጋው ቀዳዳውን ራሱ የሚደፍን ፈሳሽ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲፖ ጠዋት ጠዋት «ሳውቦና፣ መርማሪው» እያለ ነው ሰላም የሚለኝ።

ጋራዥ ውስጥ ማዕረግ አለ። አዲስ ገቢ ያጥባል። ከዚያ ጎማና ካቴና ይቀይራል። ቀጥሎ ከዘይት ፍሬን አየር ማስወጣት ይማራል፤ ይህን ሲማር ፊቱ ላይ ዘይት ያልተረጨበት ሰው አላየሁም። ከሁሉ በላይ ሞላ፣ ስፕሪንግ ማለት ነው፣ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው። ብስክሌቱ ድንጋይ ላይ ሲወርድ ንዝረቱን የሚውጠው የፊት እግር፣ ፎርክ የምንለው፣ እዚያ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ አየሩና ዘይቱ ይለካል። የዚያ ጠረጴዛ ባለቤት ሲፖ ነበር፤ ሌላ ማንም ዝር አይልበትም።

ወደዚህ አገር ያመጡኝ አጎቴ ጋሽ ኤርሱሞ ናቸው። አባቴ ሲሞት ሆሳዕና ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ቮስሎሩስ ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ እኔም ከኋላ ባለችው ክፍል አብሬያቸው እኖር ነበር። ሱቁን ትቼ ጋራዥ ስገባ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። «ሰው ከብስክሌት ወደ መኪና ያድጋል እንጂ ከሱቅ ወደ ብስክሌት ይወርዳል? ምን ነካህ አንተ ልጅ?» አሉኝ። አገር ቤት ስልክ ሲደውሉ «ታምራት በመኪና ነገር ላይ ነው የሚሠራው» ይላሉ። እሰማቸዋለሁ፤ ያመኝ ነበር።

እኔ ደግሞ የያዘኝ ይዞኛል። አንድ ደንበኛ አዲስ ብስክሌት ገዝቶ የአሮጌውን ባዶ ቴላዮ፣ ያለ ጎማና መሪ ቀፎውን ማለት ነው፣ ጥሎት ሄደ፤ ብረት ነው፣ ቀጭንና ጠንካራ። ክሬግ «ውሰደው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደንበኞች ሲያሻሽሉ የሚያወርዱትን እየለቀምኩ ብስክሌቴን መገንባት ጀመርኩ። ፎርኩን ከአንዱ፣ ፍሬኑን ከሌላው፣ ሰፊውን መሪ ከሦስተኛው። በአውራ ጣትህ ቁልፍ ስትጫን ኮርቻው ወደ ታች የሚወርድልህን ዘንግ ያገኘሁ ቀን ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የገባሁት።

የተራራ ብስክሌት የገጠመ ሰው የክብደት በሽታ ይይዘዋል። ረጅሙን ብሎን በአጭር፣ የብረቱን በአሉሚኒየም እቀይር ነበር። ጋሽ ኤርሱሞ አንድ ቀን ከረሜላ በሚመዝኑበት ሚዛን ላይ ብሎን ስመዝን ያዙኝ።

«ወርቅ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ብሎን ነው። እንዲቀልልኝ ብዬ ነው።»

«እንዲቀልልህ ከፈለግህ ቁርስ ቀንስ» ብለው ሚዛኑን ይዘው ሄዱ።

ሆኖም ብስክሌቱ ሲያልቅ ለካ ሲያዩት ከርመዋል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠሩኝና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ፖርቶመጋላ ነው፤ ከኮርቻ ኋላ ዕቃ የሚጫንበት፣ የዳቦ ሣጥን የሚችል ወፍራም ብረት። «ብስክሌትህ ሁሉ ነገር አለው፣ መጫኛ ብቻ ነው የጎደለው። ጌታ ይባርክልህ» አሉኝ። ስለ ሥራዬ በጎ ቃል ሲያወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። እኔ ብሎን በሚዛን የምመዝን ሰው ያንን ሁሉ ብረት ምን ላድርገው? ግን አንጀቴን በሉት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ እያዩኝ አሰርኩት።

ታዲያ ልምምድ ስወጣ ወደ ታክሲው ፌርማታ የሚታጠፈው ጥግ ላይ እቆምና ፖርቶመጋላውን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ስመለስ እዚያው ጥግ ላይ መልሼ አስረዋለሁ። ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። ፍታ፣ እሰር፣ ፍታ፣ እሰር። የሰፈሩ ሰው ተደብቄ ስፈታ አላየኝም፤ ስመለስ ቆሜ ሳስር ግን ሁሉም ያየኛል።

በዚህ መሐል ሲፖ ወደ ደርባን ሊመለስ መሆኑን ተናገረ። ክሬግ ጠራኝ። «ጠረጴዛውን ላንተ ልስጥ ወይስ ከውጭ ሰው ልቅጠር ገና አልወሰንኩም። ቅዳሜ ራስህ የገጠምከውን ብስክሌት አምጣ። እሱን አይቼ እወስናለሁ» አለኝ። ለጋሽ ኤርሱሞ ነገርኳቸው። «ጥሩ» አሉ፤ «ከሰጠህ ሰጠህ። ካልሰጠህ ግን ወደ ሱቁ ትመለሳለህ፤ ሌላ ክርክር የለም።» እሺ አልኩ። አሳዳጊን እንቢ ማለት አልተማርኩም።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ኤርሱሞ በር ላይ ቆመው ፈገግ ብለዋል። ፈገግ ሲሉ ነገር አለ ማለት ነው። «ሰዉ ሁሉ ነገረኝ፤ ያ ፖርቶመጋላ እየላላ መንገድ ለመንገድ ሲያሳስርህ ይውላል አሉ። ለምን ዝም አልከኝ? በል አሁን አይላላም!» ብለው ብስክሌቱን አወጡት።

መንገድ ማዶ ያለው የመስኮት ብረት በያጅ ፖርቶመጋላውን ቴላዮው ላይ በይዶታል። በአራት በኩል! የኋላ ጎማውን የሚይዙት ቀጫጭን ቱቦዎች ተቃጥለው ጠቁረዋል፤ አንደኛው ጋ ብረቱ ተበልቶ ሰርጉዷል። ክው አልኩ። «እንዴት ነው?» አሉኝ ጋሼ። «በጣም ያምራል» አልኩ። ምላሴ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

ከእራት በፊት ሹልክ ብዬ ፖርቶመጋላውን የምነቅልበት የብረት መቁረጫ ልዋስ ወጣሁ። በሰፈሩ ያለው መቁረጫ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የበያጁ። ሰውዬው ገና ሲያየኝ «አየኸው ሥራዬን? አንበሳ ቢጫንበት አይነቀልም!» ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። አመስግኜው ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ኤርሱሞ «በባኪዋ እናደርስሃለን» አሉ፤ ባኪ የሱቁ ዕቃ መጫኛ ፒክአፕ ናት። እናደርስሃለን የተባለው ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ነው፤ ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ከዚያ ወደ ለቅሶ ሊሄዱ ነው ብዬ አሰብኩ። እነሱ ከፊት ተደራርበው ተቀመጡ፤ እኔ ብስክሌቴን ይዤ ከኋላ ተጫንኩ።

ጋራዡ ስንደርስ ሦስቱም ወርደው ተሰልፈው ገቡ። ክሬግ ፊቱ ተለዋወጠ። «ከሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ነው የመጡት?» ብሎ ሹክ አለኝ። «አጎቴ ናቸው» አልኩት። ወንበር አቀረበ፤ አልተቀመጡም። ሻይ አለ፤ አልነኩም። አቶ ተሻለ የሚባሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለህ አስተርጉምለት» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጃገረድ ሊጠይቁ እንደሚላኩ ሽማግሌዎች፣ ጠረጴዛውን ሊጠይቁልኝ ነው የመጡት!

«ልጃችን ጨዋ ነው» አሉ አቶ ተሻለ፤ «አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ቤተሰቡም የታወቀ ነው። ጠረጴዛህን ስጠን ብለን በእግዚአብሔር ስም ደጅህ ቆመናል።» ተረጎምኩለት። ክሬግ ጠረጴዛውን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ። «ሊወስዱት ነው?» አለኝ። ሲፖ መሣሪያ መስቀያው ኋላ ሄዶ አፉን በጨርቅ ያዘ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ጋሽ ኤርሱሞን አየኋቸው። ቢከለከሉ ለሱቃቸው ሰው ያገኛሉ፤ ለራሳቸው የሚበጃቸው ዝም ማለት ነበር። እሳቸው ግን ለኔ ብለው ለፈረንጅ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። እንባዬ መጣ።

ክሬግ «መጀመሪያ ብስክሌቱን ልይ» አለ። መቆሚያው ላይ ሰቀለው። ቸርኬውን አሾረ፣ አይወላገድም። ፍሬኑን ጨበጠ፣ ማርሹን ከላይ እስከ ታች ቀያየረ፣ ፎርኩን ተጭኖ ሲለቀው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመለስ አየ። «ጥሩ እጅ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረና ፖርቶመጋላው ጋ ቆመ። የተቃጠለውን ቱቦ በጥፍሩ ዳሰሰው።

«ይህን ብስክሌት ደንበኛ ቢያመጣልህ፣ ተራራ ይዞት እንዲወጣ ትሰጠዋለህ?»

ጋሽ ኤርሱሞ «ምን አለ? ምን አለ? ወደደው?» እያሉ እጄን ይጎትታሉ።

ጉድ ፈላ። እሰጠዋለሁ ብል የሰው አንገት የሚያሰብር ውሸት ነው። አልሰጥም ብል የጋሼን ስጦታ ሽማግሌ ፊት አዋረድኩ። «አልሰጥም» አልኩ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሬ በአማርኛ ደገምኩት። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብየዳው ቱቦውን አድክሞታል። ቁልቁለት ላይ ይሰበራል፣ ሰው ይገድላል። ቀድሞም አይላላም ነበር፤ እኔ ነኝ እየከበደኝ ስፈታው የነበረው።»

አቶ ተሻለ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ጋሽ ኤርሱሞ ፊታቸው ቀላ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ የተበላሸ ድንች ስትሸጥ ዝም ብዬህ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ እኔ የተበላሸ ነገር ስሰጥህ ምነው ዝም አልከኝ? ለድንች የጮህኩብህን ያህል ለነፍስህ አትጮህብኝም? ይከብዳል ብትለኝ ኖሮ አላስበይደውም ነበር እኮ!»

ክሬግ ምን ተባለ አለኝ፤ ነገርኩት። ሳቀና እጁን ለጋሽ ኤርሱሞ ዘረጋ። «እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ሰው፣ ሀብታም ደንበኛ ሲቆጣው እንኳ ይህ አይነዳም ማለት አለበት። አጎቱን ካለ ማንንም ይላል። ጠረጴዛው የሱ ነው።» ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ሻዩንም ጠጡ።

ጋሽ ኤርሱሞ ሻያቸውን ጨርሰው ብስክሌቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ለተራራ ካልሆነ ለሜዳስ?» አሉ። «ለሜዳ ቀስ ተብሎ ይሆናል» አልኳቸው። «እንግዲያው የኔ ነው» አሉ። ቮስሎሩስ ውስጥ የቁልቁለት ፎርክና የዘይት ፍሬን ባለው ብስክሌት ዳቦ የሚያመላልሱ ባለሱቅ እሳቸው ብቻ ናቸው። ዋጋውን የሚያውቁ ጎረምሶች ሲያልፉ ቆመው ያዩዋቸዋል። ቱቦዎቹን በየወሩ እያየሁላቸው ነው።

እኔ ሌላ ቴላዮ አገኘሁና ከዜሮ ጀመርኩ። ጠረጴዛው ላይ ዓመታት ቆሜ ብዙ ሰው አስተምሬያለሁ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ጋራዥ ሠርተው የማያውቁ ናቸው። ደንበኛ ይሁን፣ አለቃ ይሁን፣ ያሳደገህ ሰው ይሁን፣ ዕቃው የማይሆን ከሆነ አይሆንም በለው። በብሎን ታስሮ ሳለ፣ ሳይበየድ በለው።