ለአንድ በሬ የተላከ ደረቅ እንጀራ

አምላኩ ቀራንዮ ሰፈር ካለው ግቢዬ ውስጥ ሰርቪሷን ከተከራየ ቆይቷል። ማለዳ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ቆራሌው!» እያለ ይወጣል። ባዶ ጠርሙስ፣ ያረጀ ብረት፣ የተሰነጠቀ ባኞ፣ ያገኘውን ገዝቶ ይሸጣል። የእርሻ ጊዜ ሲደርስ ቡታጅራ አጠገብ ወዳለው አገሩ ይሄዳል። ጸባዩ መልካም ነው፤ ግትርነቱን ግን ለጠላቴም አልመኝ።

ባለፈው አገራቸው ዝናብ ጠፋ። ሳሩ አለቀ፤ ሰዉ ከብቱን እየነዳ ገበያ ወጣ። የአምላኩ ቤት ግን እህል የሚገዛው በቆራሌው ገቢ ስለሆነ ሚስቱ ገነት ያላቸውን አንድ በሬ ለመሸጥ አልተገደደችም። ችግሩ በሬው ራሱ የሚበላው ማጣቱ ነበር። አምላኩ መላ አላጣም፤ ከጠርሙሱ ጋር ደረቅ እንጀራ መሰብሰብ ጀመረ። ቤቴል ያሉ ምግብ ቤቶች ትራፊያቸውን ሰጡት። ጓሮዬን ሙሉ እንጀራ አሰጣበት፣ እኔ ልብስ የማሰጣበት አጣሁ። ሲደርቅለት በጆንያ ጠቅጥቆ ከአየር ጤና በቡታጅራ መኪና ይልካል።

አንድ ቀን ገነት ደወለች። ስልኩን በላውድ ስለሚያወራ ሳልፈልግ ሰማሁ።

«የወልደ አማኑኤል በሬ መነሳት አቅቶታል። ከምትልከው ትንሽ ልስጠው?»

ወልደ አማኑኤል ጎረቤታቸው ነው። እሱም ያለው አንድ በሬ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ።

«እኔ የምለፋው ለሰው በሬ ነው እንዴ? ለእኛው አብዪ!» አላት።

«አንተ፣ ትንሽ ብትሰጠው ምን አለበት?» አልኩት።

«እትዬ፣ እርስዎ የከተማ ሰው ነዎት። የበሬ ነገር አያውቁም።»

እውነቱን ነው፣ አላውቅም። ቢሆንም በገንኩ፤ ጓሮው የኔ ነው።

በመጨረሻ ዝናቡ ጣለ። አምላኩ ፊቱ በርቶ ለልጆቹ ዳቦ ይዞ አገሩ ገባ።

በሬው አምሮበት ጠበቀው። በዚያ ቀበሌ እንደሱ ያለ በሬ አልነበረም ይላል፣ አምነዋለሁ። የወልደ አማኑኤል በሬ ግን ሳይሞት ልድረስበት ተብሎ ለሥጋ ተሸጧል። በሬ የተረፈው ሁሉ የራሱን ማሳ ለማረስ እየተጣደፈ ስለነበር አምላኩ አንድም የሚያውሰው አላገኘ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

ዶማ ይዞ ወደ ወልደ አማኑኤል ደጅ ሄደ። ሰውዬው አልተቆጣም፤ የራሱን ዶማ አምጥቶ ተከተለው። ዝናቡ ሳያልፍባቸው የቻሉትን ያህል በየተራ ቆፈሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው መሬት ጦም አደረ።

ሲመለስ መዳፉ ተልጦ ነበር። አሳዘነኝ፤ ቅባት አምጥቼ ቀባሁለት። ምንም ላልናገር ለራሴ ምዬ ነበር፣ ግን አልቻልኩም።

«በሬውስ?» አልኩት።

«ደህና ነው እትዬ» አለ መዳፉን እያየ። «ዳር ላይ ታስሮ ስንቆፍር ያየን ነበር።»