በእንቆቅልሽ የተወሰደብኝ ጉድጓድ

የሽመና ጉድጓዴን በእንቆቅልሽ ወሰዱብኝ። በሕግ አይደለም፣ በጉልበትም አይደለም። ሥራ ላይ ሆነን በምንጫወተው ጨዋታ፣ ዐሥር ሰው እያየ ነው የተወሰደብኝ። ዐሥሩም ሸማኔ ነው፣ ዐሥሩም ትክክለኛውን መልስ ያውቃል። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም።

የምንሠራው ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ሸማኔ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ከትቶ፣ ድሩን ከፊቱ ወጥሮ ነው የሚሠራው። ቤቱ ያለው አንድ መስኮት ብቻ ነው። መስኮቱ ሥር ያለው ጉድጓድ የኔ ነበር። ጥለት የሚሠራ ሰው ብርሃን ይፈልጋል፤ ቀለም ከቀለም ሳይለዩ ጥለት የለም። ከውስጠኛው ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ሰው የሚሠራው ጋቢ ነው። ጋቢ ነጭ በነጭ ነው፣ በዳበሳም ይሠራል። እኔ ጥለት ሠሪ የተባልኩት በዚያ መስኮት ነው። ሌላ ማዕረግ የለኝም። ያኔ ፊደልም አልቆጠርኩም ነበር።

እጅና እግር ሲሠራ አፍ ሥራ ይፈታልና እንቆቅልሽ እንጫወታለን። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል። «እንቆቅልህ» ይላል ጠያቂው፤ «ምን አውቅልህ» ይባላል። መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ይሰጣል። ጠያቂው አገሩን ይረከብና በተሸናፊው ላይ እንዳሻው ያፌዝበታል። ማንም አገሩን ይዞ ወደ ቤቱ አይሄድም። ጨዋታ ነው።

አንድ ዓመት ሰፊ ስልክ የያዘ ሸማኔ መጣብን። ቦታው ውስጠኛው ግድግዳ ሥር ነበር። የሱ ጥያቄ እንደ አባቶቻችን እንቆቅልሽ አይደለም፤ «ከስልክ የማነብላችሁ ነው» ይለናል፣ ጣቱን መስታወቱ ላይ እየጎተተ።

«ላሟ ፊቷን ወደ እንጦጦ አዙራ ቆማለች። ጅራቷ ወደ የት ነው?»

«ወደ ፒያሳ!» አልኩ።

«ወደ መሬት ነዋ! የላም ጅራት ወደ ታች መሆኑ ጠፍቶህ ነው? አገር ስጠኝ!»

ጎንደርን ሰጠሁ። በማግስቱ ጅማን፣ ከዚያ ሐረርን። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም የዋህ አይደለሁም፣ አፌ ክፉ ነው። የሰው ጥለት ሲጣመም ጮክ ብዬ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ሲስቁብኝ ብድራቸውን እየመለሱ እንደሆነ ይገባኛል።

አንድ ቀን ይኸው ሰውዬ «አገር አለቀበት!» አለ። «ምን ቀረህ? ጉድጓድህ ብቻ!»

«እሱንም ውሰደው» አልኩ በንዴት። «ይህችን ካጣሁ ጉድጓዴን ውሰድ። ጠይቅ!»

ስልኩን አወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ሸማኔ አንድ ነጠላ በአራት ቀን ይጨርሳል። ሁለት ሸማኔ ያንኑ አንድ ነጠላ በስንት ቀን ይጨርሳሉ?»

«በአራት ቀን» አልኩ። ሁለት ሰው አንድ ጉድጓድ አይገባም። ሁለተኛው ቆሞ ከማየት በቀር ምን ያደርጋል?

«በሁለት ቀን!» ብሎ ጮኸ። «ስልኩ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም!»

ዐሥራ አንድ ዓመት አጠገቤ ወደ ተቀመጠው ሰው ዞርኩ። «አንተ፣ ሁለት ሰው አንድ ድር ላይ ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ?»

«እ... ማለቴ፣ ተጽፏል ካለ እንግዲህ...» አለና መወርወሪያውን ማየት ጀመረ።

ማታውን ጨርቄን ጨርሼ ቆርጬ ነበር፤ በማግስቱ ስመጣ የሰውዬው ድር መስኮቱ ሥር ተወጥሮ አገኘሁት። የቤቱ ታላቅ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ጨዋታ ነበር እኮ፤ መልሴም ልክ ነው» አልኩት።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። አፍህ ሰጠ። ስልኩን ደግሞ እኔ ምን አውቄ እሟገታለሁ?»

በቃ። ውስጠኛው ግድግዳ ሥር ገባሁ። ጋቢ ስሸምን ሙሽራ ልብስ የሚያሠሩ ሴቶች ይመጣሉ፤ በላዬ አልፈው መስኮቱ ጋ ይቆማሉ። አንዷ የድሮ ደንበኛዬ አይታኝ «ውይ፣ ዐይንዎን አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። በእንቆቅልሽ ተሸንፌ ነው ይባላል?

ሰው ፊደል ብርሃን ነው፣ ምናምን ነው ሲል እሰማለሁ። እኔ የተማርኩት በቂም ነው። ያ ስልክ ላይ የተጻፈውን በዐይኔ ለማየት ነው። ቀጨኔ አንድ የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እሁድ ከሰዓት ትልልቅ ሰዎችን ያስተምራሉ። አስተማሪያችን ጳውሎስ አካባቢ ነርስነት የምትማር ልጅ ናት።

«አይቸኩሉ፤ ፊደሉን ይለዩት» ትለኛለች።

«እቸኩላለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው አለ» እላታለሁ።

የሚጠብቀኝ የታመመ ዘመድ መስሏት «እግዚአብሔር ይማርልዎት» አለችኝ።

ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ማንበቤን ካረጋገጥኩ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሁሉም ሥራ ላይ ሳለ፣ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«ያችን የሁለት ሸማኔ ጥያቄ እስቲ አሳየኝ።»

«አሳየኝ? ብታያት ምን ታደርጋታለህ?» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ፊቴ ላይ ደገነው። «ይኸውልህ፣ ጥገብ!»

ፊደል በፊደል ሄድኩበት። ከዚያ ስልኩን ወደሱ አዙሬ እንዲህ አልኩት፤ «አንብብልኝ።»

ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ ጀመረ፤ «አንድ ሸማኔ አንድ ነጠላ በአራት ቀን...» አንዲት ቃል ሳያዛንፍ እስከ መጨረሻው ወጣው።

ስልኩን ከእጁ ወሰድኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «ውድ ደንበኛችን፣ የገዙት የኢንተርኔት ጥቅል ሊያልቅ ተቃርቧል።»

መወርወሪያ ሁሉ ቆመ። ዐሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቴ የነበረው ሰው ብቻ «እንዴት? እንዴት?» ይላል። ሰውዬው እንደኔው ፊደል ያልቆጠረ ነበር። እኔ ቀበሌ ስሄድ «መነጽሬን ረሳሁ፣ አንብቡልኝ» እል እንደነበረው፣ እሱም ስልክ ይዞ ይደበቅ ነበር። አዘንኩለት ብል ውሸት ነው። ይልቅ የተናደድኩት በዐሥሩ ነው፤ ወዲያው «እኛማ ያኔም ገብቶን ነበር፣ ሁለት ሰው የት ይገባል!» ማለት ጀመሩ። ገብቷችሁ ነበር እንዴ? እሱ ስለማያውቅ ዋሸ፤ እናንተ እያወቃችሁ ዝም አላችሁ።

በመጨረሻ ጋሼ ፈረደ። «የሌለ ጽሑፍ ምስክር ሆኖ የተወሰደ ነገር ይመለሳል» አለ። «ግን የተወጠረ ድር አይነሣም። ይጨርስ።»

የሸማኔ ደንብ ነው፤ ድሩ ሳያልቅ ሰው ከጉድጓዱ አይነሣም። እሱም ይህን ያውቃልና እየተንቀራፈፈ ሠራ። ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ማንም አልጠየቀኝም። ማንም ይቅርታም አላለኝም። ጎረቤቴ አንድ ቀን «ሻይ ልጋብዝህ?» አለኝ። «አልጠጣም» አልኩት፤ እስካሁንም አብሬው አልጠጣሁም።

ሰውዬው ጨርቁን ቆርጦ የተነሣው፣ እኔም እግሬን መስኮቱ ሥር ያስገባሁት ሰኔ 13 ቀን፣ በሚካኤል ማግስት ነው።