ሀጃን በጋሪ ያወጣንበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ፀጉሬን ልቆረጥ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሦስት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ቪዲዮ ያያሉ። አንድ ወታደር አረንጓዴ ቱቦ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሕንፃ ይተኩሳል። ወዲያው የሕንፃው መስኮቶች ሁሉ በአንድ ላይ እሳት ይተፋሉ። ከሥሩ ዘፈን አስገብተውበታል።

“አየሩን ነው የሚያነደው” አለ አንዱ። ሌላው ወደ እኔ ዞሮ “አንተ ካርቱም አልነበርክ? ይሄን አይተኸዋል?” አለኝ።

አላየሁትም አልኩት። እውነቴን ነው። ግን ስለዚያ ቱቦ የሰማሁበት ጠዋት ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። ልጆቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ምኑ እንደሚያስቅ ለሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። እህቴ ሰዓዳ ብትኖር አብራኝ ትስቅ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ አንድም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ቃሉም ቶሎ አይመጣልኝም። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ሰዓዳ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። እኔን ከወሎ ያስመጣችኝ ልጅ ሳለሁ ነው። ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ጨረስኩ። ጦርነቱ ሲጀመር እኔ የምኖርበት ጀብራ የሚባል ሰፈር መውጫ መግቢያ ስላጣ፣ ልብሴን በፌስታል ይዤ ወደ እሷ ሄድኩ። የቤቱ ባለቤቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተው ነበር። የግቢው ማንጎ ደርሶ የሚለቅመው አጥቶ መሬት ላይ ይፈርጣል፤ ግቢው በሙሉ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር ሰዓዳ ፉል ላይ የሰሊጥ ዘይት አፍስሳ ታቀርባለች፤ ከዚያ ማንጎ እስኪበቃን እንበላለን። ጦርነት ውስጥ እንደዚያ ጠግቤ ማደሬ አሁንም ይገርመኛል።

በቤቱ የቀሩት የባለቤቱ እናት ሀጃ ብቻ ነበሩ። የቀሩት መኪናው ጠቦ አይደለም። ባላቸው ጦርነቱ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ሞተው ስለነበር፣ ሀጃ ሐብስ ላይ ነበሩ። ሐብስ የሚሉት ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ የምትቀመጠውን ነው። በእኛም አገር አለ፣ ግን እንደ ሀጃ የሚያጠብቅ አላየሁም። ነጭ ለብሰው፣ ሽቶ ሳይነኩ፣ ከክፍላቸው እስከ በረንዳው ብቻ ይመላለሳሉ። ልጃቸው እያለቀሰ እንውጣ ሲላቸው “አባትህ እቤት አስቀምጦኝ ነው የሄደው፤ መንገድ ለመንገድ አልዞርበትም” አሉት። ሰዓዳም “እኔ አብሬያቸው አለሁ” አለች። አለች፣ አለች ነው። እሷ እንደዚያ ናት።

ተኩሱ ሲበረታ ሦስታችንም በድሩም እንወርዳለን። በድሩም ከቤቱ ሥር ያለው ክፍል ነው፤ አሮጌ ምንጣፍና ጆንያ ሙሉ ቴምር ነበረበት። ቀዝቃዛ ስለሆነ ደስ ይለኝ ነበር። ሀጃ እዚያ ሲሆኑ ወሬያቸው አያልቅም። ባላቸው በወጣትነታቸው እንዴት እንደዘፈኑላቸው፣ ድምፃቸውም እንዴት አስቀያሚ እንደነበር እያወሩ ያስቁናል።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ዐሚ ከማል ማንጎ ፍለጋ መጡ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ካራቸውን አውጥተው በረንዳው ላይ አንድ ማንጎ መላጥ ጀመሩና፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሁሉ “ማዕዘኑ ላይ ፒክአፕ ቆሟል። የጫነውን ቱቦ አየሁት” አሉ።

“የውሃ ቱቦ?” አለች ሰዓዳ።

“የእሳት። እናንተ ጎን ባለው ፎቅ ውስጥ ያሉትን ተኳሾች ሊያወጡበት ነው። ዛሬ ባይሆን ነገ።” ማንጎውን ቆረጥ አደረጉ። “በእኛ ጊዜ እሳት የሚረጨው ወታደር በርሜሉን በጀርባው ተሸክሞ ነበር የሚሄደው። ጠላት ሁሉ እሱን ስለሚያነጣጥር አጠገቡ መቆም የሚፈልግ የለም። እራቱን እንኳን ብቻውን ነበር የሚበላ፣ ምስኪን። የአሁኑ ቀላል ነው፤ ተኩሰህ ባዶውን ትጥለዋለህ። ጥይቱ ገብቶ ነዳጁን እንደ ጉም ይበትነዋል፣ ከዚያ ጉሙ ይነዳል። ጉም ደግሞ ጥግ ይዞራል፣ በበር ሥር ይገባል። ግድግዳ ጀርባ ተሸሽጌያለሁ ማለት የለም።”

“እኛ በድሩም አለን” አለች ሰዓዳ።

ዐሚ ከማል መላጡን አቆሙ። “ልጄ፣ እንደ በድሩም የሚስማማው የለም። ዝግ ቦታ ይወዳል።”

እጄ ላይ የያዝኩትን ማንጎ አስቀመጥኩት። ሰዓዳን ወደ ማድ ቤት ጠርቼ በአማርኛ “እታለም፣ አሁኑኑ እንውጣ” አልኳት።

“ሀጃስ?”

“እምቢ ካሉ ምን እናድርግ? አብረሽ ልትቃጠዪ ነው?”

“እሳቸው ካልወጡ አልወጣም፤ አትጨቅጭቀኝ ጀማል።”

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ሀጃ ካልወጡ ሰዓዳ አትወጣም። እኔ ደግሞ በዓለም ላይ ያለችኝ ታላቅ እህት አንድ ናት። ሮጬ ሀጃ እግር ሥር ተቀመጥኩ፤ ለመንኳቸው። “እናንተ ሂዱ፤ ባል አልሞተባችሁም” አሉኝ።

“ለነፍሷ የፈራች ሴት ብትወጣ ይፈቀዳል አሉ” አለች ሰዓዳ።

“የትኛው ሼኽ ነው ያለው?”

“ዐሚ ከማል።”

“እሱ የጁምዓን ኹጥባ ተኝቶ ነው የሚሰማት።”

ዐሚ ከማል ከበረንዳው “እውነት ነው” አሉ።

ሰዓዳ አልሳቀችም። አሮጊቷ ፊት ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች። “ሀጃ፣ በበጋ ግቢው ውስጥ አንገረብ ላይ ሲተኙ ከቤት ወጡ ይባላል?” አንገረብ በገመድ የተጠለፈ የእንጨት አልጋ ነው።

“አይባልም፤ ቤቴ ነው።”

“ዙሪያውን መጋረጃ ብናደርግበትስ?”

“ጭራሽ ክፍል ሆነ።”

“እንግዲያው አንገረቡን ከነመጋረጃው እናነሳዋለን። ቤትዎ ይሄዳል እንጂ እርስዎ አይወጡም። ሴት ልጅዎ ያለችበት መደኒ ከተማ ሲደርስ እናስቀምጠዋለን።”

ውጭ ተኩስ ነበር። “በሩስ?” አሉ ሀጃ። “በር የሌለው ቤት የት አይተሻል?”

እዚህ ላይ እንደሚወጡ ገባኝ፤ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ዐሚ ከማል የውሃ ሻጩን ካሮ፣ የአህያ ጋሪውን ማለቴ ነው፣ ይዘው መጡ። እኔ የአጎበሩን ብረት ነቅዬ አራት ቋሚ አቆምኩ። ሰዓዳ የሳሎኑን ነጭ መጋረጃ ዙሪያውን አስራ፣ አንዱን ጎን በመርፌ ቁልፍ የሚከፈት አደረገችው። ሀጃ ሦስት ጊዜ አስፈቷት፤ በሩ ወደ ቂብላ፣ ወደ ሶላቱ አቅጣጫ፣ ይዙር አሉ። ዐሚ ከማል “አህያው በዞረ ቁጥር ቂብላው ይዞራል፣ ሀጃ” ሲሏቸው “አንተ ቀጥ አድርገህ ንዳ” አሏቸው። መጨረሻ ላይ ከነአንገረባቸው ከክፍላቸው አንስተን ካሮው ላይ ጫንናቸው። እግራቸው መሬት አልነካም።

መንገዱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ሱቆች በራቸው ተገንጥሎ፣ ድመቶች መደርደሪያ ላይ ተኝተዋል። የኒም ዛፎቹ ግን እንደ ወትሮው አረንጓዴ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ዛፍ እንዴት ዝም ይላል ብዬ እንዳሰብኩ አስታውሳለሁ። ትንሽ እንደሄድን ኬላ ደረስን። ዓይኑ የቀላ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ታጣቂ ጣቱን ቃታ ላይ አድርጎ መጣ።

“ውስጡ ምንድን ነው?”

“ቤት ነው” አለች ሰዓዳ።

በጠመንጃው አፍ መጋረጃውን ገለጥ ሊያደርግ ሲል ከውስጥ የሀጃ ድምፅ መጣ። “እናትህ ሳታንኳኳ ሰው ቤት ግባ ብላ ነው ያሳደገችህ?”

ልጁ ደነገጠ። “ሀጃ፣ ፍተሻ ነው።”

“ፈትሽ። መጀመሪያ አንኳኳ።”

ዞር ዞር ብሎ አየ፤ መንኳኳት የሚችል ነገር የለም። ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ የካሮውን እንጨት በጣቱ አንኳኳ።

“ማነው?” አሉ ሀጃ፣ ጭራሽ እንዳላወቁ።

ስሙን ነገራቸው። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፤ የአባቱንም የአያቱንም ስም ተናገረ። ዐሚ ከማል ፊታቸውን ወደ አህያው አዙረው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

“ግባ አልልህም፣ ሐብስ ላይ ነኝ። ሰዓዳ፣ ለእንግዳው ቴምር ስጪው።”

ሰዓዳ በእፍኟ ሰጠችው። ልጁ ቴምሩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ እጁን ለዱዓ ከፍ አድርጎ “ባለቤትዎን አላህ ይማርልዎ” አለ። ወደ ጓደኞቹም ዞሮ “ሐዘን ቤት ነው፣ ይለፍ” ብሎ ጮኸ።

የመደኒ አውቶቡስ የሚነሳበት ልንደርስ ስንል ከኋላችን አንድ ድምፅ ሰማን። እንደ ሌላው ፍንዳታ አልነበረም። ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ ጆሮን የሚጫን። ዐሚ ከማል ቆም አሉ፤ “እሱ ነው” አሉና አህያውን ነዱ። አንገረቡን ከነመጋረጃው፣ ከነሀጃ፣ በአውቶቡሱ የኋላ በር አስገባነው፤ የሆነውንም መደኒ ከደረስን በኋላ ሰማን። የቤቱ ግድግዳ ቆሟል፤ በርና መስኮት ግን አንድም የለም፤ በድሩሙ ውስጥ ምንጣፉም አመድ ሆኗል። ልጃቸው እየፈራች “እማማ፣ ቤቱ ተቃጠለ” ስትላቸው ሀጃ “የቱ ቤት? እኔ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ” አሉ።

እኔና ሰዓዳ በገዳሪፍ አድርገን ወሎ ገባን። እሷ ባለፈው ክረምት በሕመም ሞተች፤ ሐኪም ቤት አድርሰናት ነበር፣ አልሆነም። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ “ከዚያ ሁሉ እሳት ተርፋ፣ ምን ዋጋ አለው” ይላል። እናቴም አንዳንድ ጠዋት ትለዋለች። እኔ ግን አይዋጥልኝም። በመሀሉ አንድ ዓመት አለ። በዚያ ዓመት ሰዓዳ ስንት ዘመን ያላየችውን የወሎ ክረምት አየች። በዝናብ ደጅ ቆማ ሆን ብላ በሰበሰች። ከእናቴ ጋር በወጥ ጨው ተጣላች። የአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይ እስክትደክም ጨፈረች። የበቆሎ እሸት ሲደርስ ምድጃው ዳር ተቀምጣ፣ ሳይበርድላት እየነከሰች፣ ከንፈሯን እየተቃጠለች ትበላ ነበር። “ቀስ በይ እንጂ፣ ማን ይቀማሻል?” አላት እናቴ። ሰዓዳ አፏ ሙሉ ነበር። ሌላ አንድ አነሳች።