ጋዝ የሚታደለው ነገ ነው

እኛ አገር ወገዳ ጋዝ ስንል ኩራዝ ላይ የምንጨምረውን ነበር። ሌላ ጋዝ ከየት እናውቃለን? የገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ሲያድል ጠርሙሳችንን ይዘን እንሰለፋለን፤ የተሰጠን ውሃ የተቀላቀለበት ሆኖ ኩራዙ እየተንጣጣ ይጠፋል፤ ባለሱቁን ስንረግመው እናመሻለን። ባሌን የበላችው ይቺው ቃል ናት። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ይሳቅ፤ ጥርስ አይከለከልም።

ጊዜው የደርግ ነው። በጋው ከፍቶ ምንጩ ሲደርቅ ማኅበሩ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ቆፋሪዎቹ ባሌና አብሮ አደጉ ነበሩ። ውሃው ብቅ ካለ በኋላ ግን እየሞላ አላስቆፍር አላቸው። ከደብረ ታቦር አንድ ቴክኒሻን ከነሞተሩ ተላከልን። የሞተሩ መሳቢያ ቱቦ ከላይ ሆኖ ስለማይደርስ፣ ሞተሩን ራሱን በገመድ አውርደው ጉድጓዱ ወገብ ላይ በሠሩት የእንጨት ርብራብ አስቀመጡት።

ቴክኒሻኑ ምሳውን እኛ ቤት በላና ሳጥን ከፈተ። ውስጡ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚጨመቅ ጎማ፣ ረጅም ቀጭን ቱቦና እንደ እርሳስ የቀጠኑ ጠርሙሶች ነበሩ።

«ይህ የጋዝ መመርመሪያ ነው» አለ። «ሞተሩ ከጠፋም በኋላ የጭሱ መርዝ እዚያው ይቀራል። አይታይም፣ አይሸትም። ጧፍ አውርዳችሁ በራ ብላችሁ እንዳትገቡ። ይህ መርዝ ጧፍ አያጠፋም፤ ሰው ነው የሚያጠፋ።»

ጠርሙሶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ለሞተር ጭስ፣ ሌላው እንደ ገማ እንቁላል ለሚሸተው መርዝ። ከተሳሳታችሁ ምንም አይነግራችሁም አለን። የጠርሙሱን ጫፍና ጫፍ ሰብሮ መሰካት፣ ቱቦውን ወደ ታች ማውረድ፣ ከላይ ሆኖ ጎማውን መጨመቅ፤ ቀለሙ ከተለወጠ አለመግባት።

«መለካት ባንችልስ?» አልኩት እኔ።

«መርዝ አለ ብላችሁ ቁጠሩት» አለኝ።

ሳጥኑን ለባሌ ትቶ ሊሄድ ሲል የማኅበሩ ሊቀመንበር የመንግሥት ንብረት በግለሰብ ቤት አይቀመጥም ብለው ወሰዱት። የት ወሰዱት? ሱቅ! የጋዝ መመርመሪያ ተብሏላ!

ቴክኒሻኑ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት ሞተሩ ውሃውን ስቦ ጨረሰና ጠፋ። ባሌ ሳጥኑ ይምጣ ቢል ባለሱቁ ስብሰባ ገብቷል አሉት። አብሮ አደጉ፣ ጥድፊያ ሲፈጠር አብሮ የተፈጠረ ሰው፣ «ውሃው ተመልሶ ሊሞላ ነው» ብሎ ወረደ። ከርብራቡ እንዳለፈ ወደቀ። ብንጠራው፣ ብንጠራው፣ መልስ የለም።

ባሌ ገመድ ወገቡ ላይ ማሰር ጀመረ። እጁን ያዝኩት።

«ቆይ፣ ሳጥኑን ላምጣልህ።»

«ሩጪ በይ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

የስብሰባውን በር በርግጄ ገባሁ። «ጋዝ መመርመሪያውን ስጡኝ! ሰው ሞተ!» ሊቀመንበሩ ቀና አሉና «ጋዝ የሚታደለው ነገ ነው። እንደ ሰው ተሰለፊ» አሉኝ። ተሰብሳቢው ሳቀ። «ጉድጓድ ውስጥ ነው!» ብል «ጋዙን ማን ጉድጓድ ከተተው?» አሉኝ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ባለሱቁን ኮሌታውን ይዤ እየጎተትኩ ሱቁን አስከፈትኩት። ሳጥኑ ሲከፈት የኩራዝ ጋዝ ሸተተኝ። ጠርሙሶቹ አንድም ሳይቀሩ ተሰባብረዋል።

«ውሃ ቀላቅለሃል እያላችሁ ስታሙኝ ጊዜ ጋዙ ውስጥ እየነከርኩ አየሁት» አለኝ። «ምንም አይልም፤ የማይረባ ነው።»

የሰደብኩትን ስድብ ዛሬ አልደግመውም። ባዶውን ሳጥን ይዤ ሮጥኩ።

ስደርስ ባሌ የለም። የደብሩ ቄስ ጧፍ በገመድ አውርደው «ይኸው ይበራል፤ እሳት የሚኖርበት ሰውም ይኖርበታል» ብለው ነበርና ወርዷል። ገመዱን ከራሱ ፈትቶ ጓደኛውን ሊያስር ሲል ጓደኛው ላይ ተደፋ። ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ፣ ደግሞ ሸሚዙን አውልቆ ባዶውን ገመድ እየሳበ ነው። አማቴ «ድረስለት ልጄ!» ትላለች።

ሳጥኑን ወረወርኩና በጉድጓዱ አፍ ላይ ከተጋደመው ግንድ ላይ ተዘረጋሁ።

«በእኔ ላይ ተራምደህ ነው የምትገባ!»

«ጧፉ ይበራል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ ቄሱ።

«ይብራ አባ! ጧፍ ሳንባ የለውም!»

አማቴ ፀጉሬን ይዛ ጎተተችኝ። «አንቺ አረመኔ! ልጄን ከነነፍሱ ልትቀብሪው ነው?» ግንዱን አቅፌ ነከስኩት። ከሆዴ በታች ያለው ባሌ ነው፤ የልጆቼ አባት። እኔስ አንጀቴ ድንጋይ ነው? ልነሳ ልነሳ ይለኛል። ዋርሳዬን ቀና ብዬ አየሁት፤ ገና ጢሙ ያልሞላ ጎረምሳ ነው። አልተነሳሁም። «ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ እያወረዳችሁ አመላልሱ፤ አየሩ ይናጥ!» እያልኩ ጮህኩ፤ ሌላ ምን ልበል? እያለቀሱም እየረገሙኝም አመላለሱ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ገመድ ጫፍ ላይ ባሰሩት ሜንጦ ስበው አወጧቸው። ሁለቱም ሞተዋል። ባሌ ጣቶቹ የጓደኛውን ሸሚዝ እንደያዙ ነበር፤ ፈልቅቀው ነው ያላቀቋቸው።

አማቴ እስክትሞት ገዳይ ስትለኝ ኖረች፤ አልፈርድባትም። ዋርሳዬ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ዓይኑን ይሰብራል፤ ሰላምታ የለም። «ስትከለክለኝ ወንድሜ ገና ይተነፍስ ነበር» ይላል አሉ።

ይተነፍስ እንደሆነ እኔም አላውቅም።